ክሪክ አውርደን፣ ብርድ ልብስ ጭነን ወደ አሶሳ

አሶሳን የማታውቁ፣ ለማወቅም ያላሰባችሁ የደብረ ብርሃን ጎረቤቶቼ ከተመለስኩ ወዲህ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው ነው። ሙቀቱንስ ቻልኩት፤ ያልቻልኩት ሳቄን ነው። ስለዚህ ከረቡዕ እስከ እሑድ የሆነውን በየቀኑ ልጻፍላችሁና ከዚህ በኋላ ውሃ ልቀዳ በወጣሁ ቁጥር አታስቁሙኝ።

ነገሩ በደብዳቤ ጀመረ። ታናሽ ወንድሜ ምንዳዬ አዲሱ ክልል ሲቋቋም ለትምህርት ቢሮው ተመድቦ አሶሳ ሄዷል። እዚያ ትርንጎ የምትባል አስተማሪ ወደደ። አባቷ አያ ይመር በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የሰፈራ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ለመቀበል ተስማምተዋል። ነገር ግን ከዚህ በፊት አንድ ባለሥልጣን የላካቸውን ሽማግሌዎች መልሰዋል፤ ሰዎቹ ከመኪና ሳይወርዱ ደጃቸው ላይ ክላክስ አስጩኸው ነበር። ምንዳዬ ታዲያ «ሰውየው የመኪና ጩኸት አይወዱም፤ እባካችሁ ድምፃችሁን አጥፍታችሁ ኑ፤ አንዴ እምቢ ካሉ ሁለተኛ አይጠየቁም» ብሎ ጻፈ። ከግርጌው አንድ መስመር ነበረች፤ እሷን ለማንም አላነበብኩም።

ድምፃችሁን አጥፍታችሁ! ልጁ የጋሼ ደምሴን መኪና ረስቷታል።

ጋሼ ደምሴ የእናታችን ወንድም፣ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። አባታችን ከሞተ በኋላ ምንዳዬንም እኔንም ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። መኪናቸው ከአንድ ፕሮጀክት በጨረታ የገዟት አሮጌ ስቴሽን ዋገን ናት። መሪዋ በዘይት ግፊት የሚታገዝ ስለሆነ «በአንድ ጣት ትዞራለች» ብለው የማይኮሩበት ቀን የለም። መዞሩንስ ትዞራለች። ከፋሲካ ወዲህ ግን መሪው በዞረ ቁጥር ከኮፈኑ ሥር ከእናቷ የተለየች ጥጃ ጩኸት ይወጣል። ቀጥ ባለ መንገድ ታጉረመርማለች፤ መታጠፊያ ላይ ታለቅሳለች። ጋሼ ደምሴ ሰው ሲነግራቸው መሬቱን ያሳያሉ። «አንዲት ጠብታ ዘይት ወድቆ አያችሁ? ካልፈሰሰ አልታመመችም» ይላሉ፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል።

ረቡዕ

በማለዳ ተነሣን። ሁለተኛው ሽማግሌ ጎረቤታችን አቶ ይልማ ናቸው፤ መኪና ውስጥ ከገቡ የሚያውቁት እንቅልፍና «ደረስን?» ማለትን ብቻ ነው። ሦስተኛውን ምንዳዬ ከአሶሳ ሊያዘጋጅ ቃል ገብቷል። እኔ የሄድኩት ልጅቷን በሴት ዓይን ለማየትና ስንቅ ለመያዝ ነው። ስለዚህ ቦታዬ ከኋላ፣ ከስጦታው ጋር ሆነ።

ስጦታው አራት ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ነበር። ከደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ሌላ ምን ይወስዳል? አሶሳ ሞቃት አገር መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን፤ ሦስታችንም ግን ብርድ ልብስ የማይፈለግበት አገር ይኖራል ብለን አላሰብንም። አራተኛው አልገባ ሲል ጋሼ ደምሴ ክሪኩን አወረዱ። ጎማዎቹ አዲስ ናቸው፤ የመኪና ማንሻ ምን ያደርጋል አሉ። ይህን ክሪክ አስታውሱልኝ።

አምቦ ስንደርስ በሆቴሉ በር ለመግባት ጋሼ መሪውን ጠመዘዙ፤ ዘበኛው ክላክስ ሳይጠብቅ በሩን ከፈተ። ቀጥሎም የኋላውን መስኮት በእጁ ጋርዶ ወደ ውስጥ አየ። ጥጃዋን የት እናሳድራት ብሎ በትሕትና ጠየቀ። እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ፊቴን ቀበርኩ። የሆቴሉ ባለቤት ግን ሥራዋን የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ምንም ሳትጠይቅ ለአቶ ይልማ እግር ሙቅ ውሃ አመጣች። እኛ አገር ያለው ሆቴል ሙቅ ውሃ ሲለምኑት ነው የሚያመጣ።

ሐሙስ

ባኮ ቆላ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ነቀምቴ ዳገት ላይ መልሼ ለበስኩ። ነቀምቴ አንድ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ የመሪውን ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል አለና አጠበቀው። ሲሠራ ሚስቱ ቤት አስገብታን በቅቤ የራሰ አንጮቴ አበላችን። ድንችን የሚያስንቅ ሥር ነው። እኔ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ሁለት ጊዜ ደገምኩ፤ አቶ ይልማም ለዚህ ብለው ነቁ።

መኪናዋ ስትነሳ የጥጃዋ ድምፅ ቀጥኖ የፍየል ሆኗል። ጋሼ «ለውጥ አለ» አሉ። መካኒኩ አፈረ፤ ሚስቱ ደግሞ የቀረውን አንጮቴ በፌስታል ጠቅልላ በመስኮት አቀበለችኝ።

ዓርብ

የወለጋ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። የእኛ መንገድ ወደ ደሴ ሲወጣ ይጠማዘዛል ትላላችሁ፤ ይኼኛውን አላያችሁም። ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ በእያንዳንዱ እጥፋት አንድ ለቅሶ። ገበሬዎች ሞፈር አቁመው ያዩን ነበር። አንዲት ሴት ባርኔጣዋን አውልቃ ደረቷን መታች፤ ሬሳ የጫንን መስሏት ነው።

ጊምቢ ላይ ጋሼ ዘይት ጎድሏል ብለው የመሪውን ዘይት ማጠራቀሚያ ከፈቱ። ዘይቱ እንደ አዲስ ጠላ አረፋ አውጥቷል። ጨመሩበት፤ አረፋው ጨመረ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ አየሁ።

መንዲ ስንደርስ አልጋ የለም። ወደ አዲሱ ክልል የሚሄዱ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ከነፍራሻቸው በረንዳውን ሞልተውታል። የምግብ ቤቱ ባለቤት የራሷን አልጋ ለእኔ ለቀቀች፤ ለወንዶቹ መሬት ላይ አነጠፈች። ሃምሳው ስላልወጣ ዓርብም ቢሆን ጥብስ በላን። እኔም ከእራት በኋላ መኪናውን አሶሳ ትተን በእግር እንሂድ ብዬ አሳብ አቀረብኩ። ጋሼ መንደሩ ሩቅ መሆኑን ምንዳዬ ጽፏል፣ ጉልበቴንስ የት ልተወው አሉኝ። እውነት ነው፤ ጉልበታቸው ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አያልፍም።

ያኔ ደብዳቤውን አውጥቼ የግርጌዋን መስመር አነበብኩላቸው። «እኔ ያለ እሷ መኖሩንስ እኖራለሁ፤ ግን ምን ዋጋ አለው» ትላለች።

ጋሼ ደምሴ ደብዳቤውን ተቀብለው መስመሯን ራሳቸው ደግመው አነበቡ። ልጁ በሰባት ዓመቱ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር እንኳ አምርሮ አላለቀሰም ነበር።

«መኪናዋ ታማለች» አሉ በመጨረሻ። እንደዚህ ሲሉ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ

የዳቡስን ድልድይ ስንሻገር አየሩ ተለወጠ። መሬቱ ቀይ፣ በግራና በቀኝ ቀርከሃ፤ ሙቀቱም በመስኮት ሳይሆን በወለሉ በኩል የሚገባ ይመስላል። አራቱ ብርድ ልብሶች ከኋላ አቅፈውኝ ተቀምጫለሁ። ባምባሲ ላይ ማንጎ የምትሸጥ የኦሮሞ ሴት መኪናዋን ስትሰማ ከሣጥኗ ላይ ተነሥታ «አካም ጅርቱ» ካለችን በኋላ የት እንደምንሄድ ጠየቀች። አቶ ይልማ ከእንቅልፋቸው ነቅተው፣ አያ ይመር ዘንድ ለሽምግልና ነው ብለው ምስጢሩን ሁሉ ነገሯትና ተመልሰው ተኙ። ማንጎውን መረቀችልን። ማንጎ እኛ ዘንድ በፍሬ ይቆጠራል፤ እዚያ በእቅፍ ነው።

አሶሳ ሁሉ ነገሩ አዲስ ነው። የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለሙ አልደረቀም፤ ቢሮዎቹ ራሳቸው ግን ብዙዎቹ ገና አልተሠሩም። አንዱ ኃላፊ ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማኅተም ይመታል። ምንዳዬ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቀን መኪናዋን ከሩቅ ሰማት፤ እኛን ሳያይ ፊቱ ጠቆረ። ሲስመኝ እንኳ ዓይኑ ኮፈኑ ላይ ነበር። ሌላም ዜና ነበረው። ሦስተኛው ሽማግሌ ለስብሰባ ወደ መተከል ተልኳል።

በጥድፊያ ወሰደንና ትልቅ ማንጎ ሥር ካለ ጋራዥ አቆመን። ባለቤቱ ኡስታ ኢድሪስ ይባላሉ። ኡስታ በሱዳን በኩል የእጅ ሥራ ሊቅ የሚጠራበት ነው፤ የበርታ ተወላጅ ናቸው፣ መካኒክነቱንም የተማሩት በስደት ሱዳን፣ ደማዚን ከተማ ሳሉ ነው። ከዛፉ ሥር ደግሞ ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች ረጃጅም የቅል ጥሩንባ ይዘው ተቀምጠዋል። ኡስታ ኢድሪስ ከእነሱ ጋር የሚነፉ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ የክልሉን እንግዶች ሊቀበሉ ተጠርተዋል። አንዱ ጥሩንባ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ተራውን ያልሰማ ሰው ዜማውን ይበጥሳል።

ኡስታ ኢድሪስ ኮፈኑን አልከፈቱም። ሰዎቹን ዝም አሰኝተው፣ ጋሼን መሪውን ቀስ ብለው እንዲያዞሩ አዘዙና ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ።

«ማሌሽ፣ ሐጂ» አሉ፤ ግድ የለም እንደ ማለት ነው። «ቺንጋ አይደለም። መኪናው ሀዋ ይጠጣል፤ ንፋስ።»

ጋሼ በመጀመሪያ ክርስቲያን መሆናቸውን አስረዱ፤ ቀጥሎ መሬቱን አሳዩ። ጠብታ የለም፤ ዘይት ካልወጣ ንፋስ በየት ይገባል?

«ማሌሽ፣ ሐጂ። ዘይት አይወጣም፤ ፓምፑ ወደ ውስጥ ይስባል። ቱቦው ደርቋል። ቅልም እንዲህ ነው፤ ስንጥቁን ሰው አያየውም፣ ይሰማዋል።»

ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ በሚወርደው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ዘይት በጣታቸው ቀቡ። ጥጃዋ ዝም አለች። ሦስት አራት ትንፋሽ ያህል ዝም ብላ ዘይቱ ወደ ውስጥ ሲሳብ እንደገና ጮኸች። ጋሼ ደምሴ ጎንበስ ብለው ቱቦውን አዩ፤ እኔ ደግሞ አጨበጨብኩ።

አዲሱን ቱቦ ከቆመ ትራክተር ላይ ቆርጠው አመጡ። ቱቦው ከታሰረና ዘይቱ ከተለወጠ በኋላ ግን ውስጥ የቀረው አየር መውጣት አለበት። ለዚያ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው መሪው እስከ ጥግና ጥግ ደጋግሞ መዞር አለበት አሉ። ኡስታ ኢድሪስ የራሳቸውን ክሪክ የኩርሙክ መንገድ ላይ ለቆመ ጭነት መኪና አውሰዋል።

«ክሪክ አምጣ፣ ሐጂ» አሉ።

ጋሼ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ብርድ ልብሱ አየሁ። እውነቱን ስንናገር ዛፉ ሥር የተቀመጡት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። አንዱ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ አሳርፎ እንደ ትኩስ ምጣድ ፈጥኖ አነሣው። ከዚያ ጥሩንባቸውን ከዛፉ አስደግፈው መጡና መኪናዋን ከፊት በኩል ብድግ አደረጓት፤ ኡስታ ኢድሪስ ሁለት ወፍራም ግንድ አስገቡ። ጋሼ ደምሴ ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ቀኝ ጥግ፣ ግራ ጥግ ያዞሩ ጀመር። በአንድ ጣት አልነበረም፤ በሁለት እጅና በሙሉ ትከሻ ነው። ሰዎቹም ቆመው ከማየት ብለው ጥሩንባቸውን አነሡ። ወደ ቀኝ ሲዞር ትልቁ ጥሩንባ «ቡ»፣ ወደ ግራ ሲዞር ትንሹ «ፒ»፤ ጋሼም ሳይታወቃቸው በዜማው ያዞሩ ጀመር። ከማጠራቀሚያው አረፋ እየተነሣ ይጠፋል፤ ኡስታ ኢድሪስ ዘይት ይጨምራሉ። ምንዳዬ እንኳ ሳቀ። አቶ ይልማ በዚያ ሁሉ ነፋ ነፋ ውስጥ «ደረስን?» አሉ።

ሞተሩ ሲነሣ ጋሼ መሪውን በአንድ ጣት አዞሩ። ምንም ድምፅ የለም። ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ላብ ነው ብለዋል።

በእራት ሰዓት የኡስታ ኢድሪስ ባለቤት የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ አቀረቡልን። ባምያው ከጣቴ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ እጄን ይዘው አጎራረሱን አሳዩኝ። ጋሼም እዚያው ማዕድ ላይ የጎደለውን ሽማግሌ ኡስታ ኢድሪስ እንዲሆኑላቸው ለመኑ። አያ ይመርን ያውቋቸዋል፤ የመንደሩን ወፍጮ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። ኢንሻ አላህ አሉና የክት ጀለቢያቸውን ለማሳጠብ ላኩ።

እሑድ

ወደ መንደሩ እንደ ድመት ገባን። መንገድ ላይ የተኛች ዶሮ እንኳ ሳትሰማን ቀርታ ልንጨፈልቃት ነበር። ምንዳዬን ባህሉ ስለማይፈቅድ መንደሩ መግቢያ ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር አወረድነው። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እምቢ አለው።

አያ ይመር ደጅ ላይ መስተዋት ሰቅለው ጢማቸውን ይላጫሉ። ግማሽ ፊታቸው ሳሙና ነው። ሲያዩን ደነገጡ፤ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲወድቅ ሰማሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ሥርዓቱ ተሰልፈው ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉ አንቀመጥም አሉ። ጋሼ ከደብረ ብርሃን እየተለማመዱት የመጡትን ልመና ተናገሩ። ኡስታ ኢድሪስ ልጁን እንደሚያውቁት፣ ውሸት እንደማይናገር ጨመሩ። አቶ ይልማ ነቅተው ነበር።

አያ ይመር የሳሙናውን ብሩሽ እንደያዙ መኪናዋን አዩ፤ ከዚያ ጋሼን።

«ያቺ የምትጮህ መኪና ይቺ ናት?» አሉ።

ጋሼ ደምሴ ይቅርታ ጠየቁ፤ ጩኸት እንደማይወዱ ሰምተን አስጠግነናት መጣን፣ አሁን ድምፅ የላትም አሉ።

«ማን ነው አልወድም ያለ? ወሬዋ ከባምባሲ በማንጎ ነጋዴ ደርሶኝ ከትናንት ጀምሬ ጆሮዬን አቁሜ ነው ያለሁ። ስትጮህ ያን ጊዜ እለብሳለሁ ብዬ፣ ይኸው በሳሙና ያዛችሁኝ።»

ብሩሹን መስተዋቱ ሥር አስቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እኛን እዚህ ያመጣን መኪና ውጡ ብሎ ነው የጫነን። ከዚያ ወዲህ እዚህ መንደር የገባ መኪና ሁሉ ሊያዝዝ ነው የገባ። ባለክላክሱም ከመኪናው ሳይወርድ ና ውጣ ነው ያለኝ፤ እሱን ነው የመለስኩት። ከአራት ቀን መንገድ ተነሥቶ ይመርን ሊለምን የመጣ መኪና ይህ የመጀመሪያው ነው። በሞታችሁ፣ እሱ ነው እንዴ በዝምታ የሚገባ?»

አያ ይመር ሦስቱንም በየተራ አዩ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ» አሉ።

ከጓዳ አንዲት ሴት እልል አለች፤ በሩ ቀዳዳ በኩል የምታይ ልጅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስትስቅ አየሁ። ትርንጎ እሷ ናት። በሴት ዓይን አየኋት፤ ምንዳዬ ዓይን አለው። ብርድ ልብሶቹን ሳስገባ እያፈርኩ ነበር። አያ ይመር ግን አንዱን ተቀብለው ፊታቸውን ቀበሩበትና ቆዩ። ቀና ሲሉ ሱፉ ላይ ሳሙና ቀርቷል። «ብርድ ብርድ ይላል» አሉ፤ «አገሬን አገሬን ይሸታል።»

ጋሼ ደምሴ ያኔ ተነሡ። መኪናቸው ታመመች እንዲባል የማይፈቅዱት ጋሼ፣ ኮፈኗን በገዛ እጃቸው ከፍተው ኡስታ ኢድሪስን ካቻቢቴ ጠየቋቸው። ኡስታ ኢድሪስ ገብቷቸዋል። ፓምፑ ይጎዳል፣ ሐራም ነው፣ እኔ ስንት ለፍቼ አሉ። ጋሼ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ። በመጨረሻ ሰጧቸውና የሚላላውን የቱቦ ማሰሪያ ራሳቸው በጣታቸው አሳዩ።

«አንድ ዙር ተኩል ብቻ፣ ሐጂ» አሉ።

አያ ይመር በዚያ ሙቀት ብርድ ልብሱን በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ ግማሽ ፊታቸውን ሳይላጩ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ጋሼ መሪውን እስከ ጥግ ጠመዘዙት። ጥጃዋ ጮኸች። መንደሩን አንዴ ዞሩ፤ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ሁለተኛ ዞሩ፤ አያ ይመር በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ግራና ቀኝ «ልጄን ሊለምኑኝ ነው የመጡ፣ ሊለምኑኝ» ይላሉ። አቶ ይልማ ከኋላ ሆነው ያጨበጭባሉ።

ምንዳዬ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ጫማዬን በእጄ ይዤ እስከ ዛፉ ሮጥኩ። ጩኸቱን ሰምቶ ሁሉ ነገር አለቀ ብሎ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኗል። ልናገር ብል ሳቄ አላናግር አለኝ፤ እሱ የማለቅስ መሰለው። አጠገቡ ተንበርክኬ እጆቹን ከጆሮው ላይ አነሣሁ።

«ስማ» አልኩት፤ «ሰጡህ።»